ቁጥሩ ልክ ነው፣ ክብደቱ ግን

ጣርማ በርን ተሻግሮ ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው የኤለንስበርግን መንገድ ግማሹን ያውቀዋል ማለት ይቻላል። ከሲያትል ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው አይ-90 አውራ ጎዳና ስኖኳልሚ የሚሉትን የተራራ በር እስኪያልፍ ድረስ ጥድ፣ ጭጋግና ካፊያ ነው። ከበሩ ወዲያ ሰማዩ ይገለጣል፣ ጥዱ ይሳሳል፣ አየሩ ይደርቃል። ከሲያትል ከተነሡ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ ኤለንስበርግ ከተማ ያለችበት ኪቲታስ የተባለው ሰፊ ሸለቆ ውስጥ ይገባሉ። እዚያ የሚቀበልዎት ነፋስ ነው። ነፋሱ ከተራራው እየወረደ ይገርፋል፤ ቆብ ማድረግ የለመደ ሰው በአንድ እጁ ቆቡን ይዞ ነው የሚያወራው። ይህ ነፋስና ከያኪማ ወንዝ በቦይ የሚመጣው ውሃ ተባብረው ሸለቆውን የድርቆሽ አገር አድርገውታል። ውሃው ሣሩን ያሳድጋል፤ ነፋሱ የታጨደውን ቶሎ ያደርቃል።

እኔ የሄድኩት የአክስቴን ልጅ ተከትዬ ነው። እርሱ በሲያትልና በታኮማ ወደቦች ኮንቴይነር ያመላልሳል። በዚህ ሥራ ላይ ሐበሻውም ሶማሌውም ብዙ ነው፤ ወደቡ በር ላይ ተሰልፈው ተራ ሲጠብቁ አማርኛው፣ ትግርኛው፣ ኦሮምኛውና ሶማሊኛው ከመስኮት መስኮት ይወራወራል። "ሣር ነው የምጭነው" ሲላቸው አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችን ይስቁበታል፤ አሜሪካ ድረስ ተሂዶ ሣር! የሚጭነው ግን የዋዛ ሣር አይደለም። የሸለቆው ሰብል ቲሞቲ የሚባል፣ ዘንጉ ረዥም፣ መዓዛው ደስ የሚል ሣር ነው፤ ባሕር ተሻግሮ የጃፓን የወተት ላሞችና ፈረሶች ይበሉታል። ከሸለቆው ወደ ምሥራቅ ባለው የኮሎምቢያ ተፋሰስ ደግሞ በግራንድ ኩሊ ግድብ ውሃ የሚለማ አልፋልፋ አለ። ሳዑዲዎች የከርሰ ምድር ውሃቸውን ለማትረፍ መኖ ማብቀልን ሲገድቡ፣ ላሞቻቸውን ከውጭ በሚገባ ድርቆሽ መመገብ ጀመሩ። ሪያድ ውስጥ ለአሠሪዎቿ ሻይ በወተት የምታፈላ እህታችን፣ ላሚቱ የበላችው ከአሜሪካ ምዕራብ በመርከብ የመጣ ሣር ሊሆን እንደሚችል ማን ይነግራታል?

መጀመሪያ የደረስነው ድርቆሹን ባሕር ማዶ የሚልከው የላኪው ግቢ ነው። እዚያ ሚዛን ሳይረግጡ መግባትም መውጣትም የለም። ከማሳ የመጣው መኪና ሙሉውን ይመዘናል፣ ያራግፋል፣ ባዶውን ይመዘናል፤ ልዩነቱ የድርቆሹ ክብደት ነው። ሚዛኑ በመንግሥት ተቆጣጣሪ የተፈተሸ ነው፤ ደረሰኙ ላይ ሰዓቱ፣ ቀኑና ሦስቱም ቁጥሮች ይታተማሉ፤ ገበሬው የሚከፈለው በዚያች ወረቀት ነው። ከዚያ ድርቆሹ በኃይለኛ መጭመቂያ ዳግመኛ ይጨመቅና ወደ ኮንቴይነር ይገባል። ሳይጨመቅ ቢጫን ኮንቴይነሩ ሞልቶ ክብደቱ ግን ሳይሞላ ይቀራል፤ መርከብ ላይ ደግሞ አየር መጫን እንደ ድርቆሽ መጫን ያስከፍላል። የተሞላው ኮንቴይነርም እንደገና ይመዘናል። ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት መሠረት ክብደቱ ተረጋግጦ ያልተመዘገበ ኮንቴይነር መርከብ ላይ አይወጣም። የአክስቴ ልጅ ደግሞ የራሱ ፍርሃት አለበት። የፌዴራሉ ሕግ በአውራ ጎዳናው ላይ መኪና ከነጭነቱ ከ80,000 ፓውንድ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ በእኛ 36 ሺህ ኪሎ ግድም መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ከተገኘ ቅጣቱ የሾፌሩ ነው።

"እዚህ አገር ሚዛን የማይፈራ ሰው የለም" አለኝ መሪውን ይዞ እየሳቀ።

ቀኑ ሳይመሽ ግን ይህ አባባሉ ትክክል እንዳልሆነ አየሁ።

የእርሱ ኮንቴይነር ተራ እስኪደርሰው ድረስ ከሚያውቃቸው ሽማግሌ ገበሬ ጋር አገናኘኝና እርሳቸው ዘንድ ዋልኩ። ሰውዬው ከአባታቸው የወረሱትን መሬት ያርሳሉ፤ ወገባቸውን የድርቆሽ እስር ነው የሰበረው፣ ሲሄዱ ወደ ግራ ዘመም ይላሉ። የእርሻው ግቢ ሁለት በር አለው። በኋላ በር የሚወጣው ድርቆሽ በትልቅ መኪና ወደ ላኪው ይሄዳል፤ የሚሸጠውም በቶን ነው። በፊት በር የሚወጣው ደግሞ በፒክአፕ፣ በፈረስ ተጎታች፣ ባገኙት ሁሉ ነው፤ የሚሸጠው በእስር ነው። አንድ እስር ይህን ያህል፣ ሃያ እስር ይህን ያህል። ያው ማሳ፣ ያው ሣር፣ ያው ማሽን። በኋላ በር ሲወጣ ክብደት ነው፤ በፊት በር ሲወጣ ቁጥር ነው።

"ልዩነቱ ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ጃፓኑ ሚዛን አለው፤ ባለፈረሷ የላትም" አሉኝ።

ወደ መጋዘኑ ወሰዱኝ። ጣሪያ ድረስ የተደረደረ ድርቆሽ ነው። ዓይኔ ያየው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ እኩል ርዝመት፣ እኩል ወርድ፣ በሦስት ሲባጎ የታሰረ፣ ልክ በአንድ እጅ እንደተቆረጠ። ጥግ ላይ አሮጌ የመድረክ ሚዛን ነበራቸው፤ ከተለያየ የክምሩ ቦታ እስሮች እያወረድን አስቀመጥንበት። አንዱ 96 ፓውንድ ሲል ሌላው 118 አለ። ከዚያም 104። ከዚያም 91። ሰውዬው አልተገረሙም፤ እኔ ግን ክምሩን ቀና ብዬ እንደገና አየሁት። አንድ ሰው ከዚህ ግድግዳ ላይ በዘፈቀደ አርባ እስር አውርዶ ቢሄድ ምን ያህል ድርቆሽ እንደገዛ ሻጩም ገዢውም አያውቁም ማለት ነው።

እስሩ ለምን እንዲህ እንደሚለያይ ሲያብራሩልኝ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ነገሩ ከንጋት ይጀምራል። ሌሊቱን ጤዛ የነካው ሣር ልስልስ ስለሚል ማሰሪያው ማሽን ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገባል፤ እስሩ ይከብዳል። ቀትር ላይ ያው ሣር ደርቆ ሲንኮሻኮሽ እንደ ልቡ አይታመቅም፤ ቅጠሉም እየረገፈ መሬት ላይ ይቀራል፣ አልፋልፋ ከሆነ ደግሞ ጥሩው ምግብ ያለው ቅጠሉ ላይ ነው። ለዚህ ነው በዚህ አገር ብዙ ገበሬ ሌሊት ተነሥቶ በመብራት የሚያስረው። ከዚያ የረድፉ ነገር አለ። ማሳው ላይ ውሃ በደንብ የደረሰበት ቦታ ረድፉ ወፍራም ነው፣ ጠጠራማው ዳገት ላይ ቀጭን ነው፤ ትራክተሩ በአንድ ፍጥነት ከሄደ የማሽኑ ጉሮሮ አንዴ ይጠግባል አንዴ ይራባል። ሾፌሩ ይህን እያየ መፍጠንና መዘግየት ነበረበት፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ግን ሾፌር የሚያየው አልጋውን ነው። የመጀመሪያው አጨዳ አገዳ ይበዛዋል፣ ሁለተኛው ቅጠል ይበዛዋል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት አይታመቁም። ማሽኑም የግፊት ማስተካከያ አለው። ጠዋት ለጤዛ የተስተካከለ ግፊት ለቀትር አይሆንም፤ ማስተካከል ደግሞ መውረድ ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ተፈጥሮ ነው፣ ስንፍናም ካለበት የሰው ልጅ ስንፍና ነው። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የነገሩኝ ግን ሌላ ነው።

ማሰሪያ ማሽን ውድ ስለሆነ ሁሉም ገበሬ የለውም። የሌለው ሰው ማሽን ያለውን በኮንትራት ይቀጥራል። ኮንትራቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በእስር ቁጥር ነው። አሁን እናስላው። 100 የአሜሪካ ቶን ድርቆሽ ማሳ ላይ ተኝቷል፤ የእነርሱ ቶን 2,000 ፓውንድ፣ 907 ኪሎ ነው። በመጋዘኑ ከመዘንነው ትንሽ እስር ሌላ ትልቅ እስርም አለ፤ እርሱ በ1,200 ፓውንድ ቢታሰር 167 እስር ይወጣል። ለአንድ እስር 15 ዶላር ቢከፈል ገበሬው 2,500 ዶላር ያህል ይከፍላል። ያው ሣር በ1,000 ፓውንድ ቢታሰር 200 እስር ይሆንና ሒሳቡ 3,000 ዶላር ይገባል። ማሳው አልሰፋም፣ ሣሩ አልጨመረም፤ 500 ዶላር ያህል ግን ከገበሬው ኪስ ወጥቶ ባለማሽኑ ኪስ ገብቷል። ተከትሎም ሲባጎው በእስር ነው፣ የሚያነሣው ሰው በእስር ነው የሚከፈለው፣ የሚደረድረውም እንዲሁ።

"ታዲያ ይሰርቃሉ ማለት ነው?" አልኳቸው።

"የለም፣ አይሰርቁም። ቀላል እስር ለማሽኑም ይሻለዋል፣ ቋጠሮው አይበጠስም፣ ሥራው ይፈጥናል። ባለማሽኑ ጠዋት ተነሥቶ ላታልል አይልም። እስሩ ከበድ እንዲል የሚያስገድደው ነገር ግን ምንም የለም።"

ይህ አነጋገራቸው ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ዋለ። የሰው ክፋት ቢሆን ኖሮ ክፉውን ለይቶ መራቅ ነበር። ማንም ሳይዋሽ ገንዘብ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚፈስበት አሠራር ግን የሚከሰስ ሰው የለውም፤ ለዚህም ይመስለኛል ዕድሜው የሚረዝመው።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ደግሞ ከዚህ ሸለቆ ይልቅ ክብ እስር በተለመደበት አገር ነው። የሽማግሌው አማች ሚዙሪ ውስጥ የሥጋ ከብት ያረባል። እዚያ ድርቆሹ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ መስክ ላይ ይቀመጣል፣ ሽያጩም በጥቅል ነው፦ "ጥቅሉ መቶ ዶላር"። ሻጩ "1,200 ፓውንድ ግድም ነው" ይላል። ግድም የምትለዋን ልብ ይሏል። አማቹ አንድ ዓመት መቶ ጥቅል እንዲህ ገዛ። በኋላ ጥርጣሬ ገብቶት ጥቂቱን ተጎታች ላይ ጭኖ ወደ እህል ጎተራ ሚዛን ወሰደው፤ አማካዩ 1,050 ሆኖ ተገኘ። በጥቅል 150 ፓውንድ ሲጎድል በመቶ ጥቅል 15,000 ፓውንድ ነው፤ ሰባት ቶን ተኩል። ቶኑን በ167 ዶላር የገዛ መስሎት የከፈለው 190 ዶላር ነው። በገንዘብ ሲተመን 1,250 ዶላር ከሜዳ ጠፋ።

ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። 1,300 ፓውንድ የምትመዝን ላም በቀን 30 ፓውንድ ያህል ድርቆሽ ትበላለች። የጎደለው 15,000 ፓውንድ ለሃምሳ ላም የዐሥር ቀን ቀለብ ነው። አማቹ ጥቅሉን ቆጥሮ እስከ መጋቢት ይደርስልኛል ያለው ድርቆሽ ገና በረዶው ሳይቀልጥ አለቀ። በዚያ ሰዓት ድርቆሽ የሚፈልግ ሁሉ የተቸገረ ሰው ነው፣ ሻጩም ያውቃል። በበጋ የጎደለውን ቶን በብርዱ ዋጋ መግዛት ማለት ጉድለቱን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ክብ ጥቅል ለዓይን የባሰ አታላይ ነው። ስፋቱ አምስት ጫማ ሆኖ ከፍታው አምስት ጫማ የሆነ ጥቅልና ከፍታው ስድስት ጫማ የሆነ ጥቅል ጎን ለጎን ቢቆሙ ሁለተኛው ትንሽ ደለብ ያለ ይመስላል እንጂ ሌላ ልዩነት አይታይም። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ትልቁ የሚይዘው ድርቆሽ ከትንሹ በ44 ከመቶ ይበልጣል፤ ክብ ነገር ሲወፍር ስፋቱ በካሬ ነውና የሚያድገው። ሁለቱ በአንድ ዋጋ "ጥቅል" ተብለው ሲሸጡ አንዱ ገዢ በግማሽ ዋጋ ያህል የተመረቀለት ነው፣ ሌላው የተመረቀበት። ደጅ ያደረ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። አምስት ጫማ ከፍታ ባለው ጥቅል ላይ ከውጭ በኩል ያለው የ15 ሳንቲ ሜትር ቅርፊት ከጠቅላላው 36 ከመቶውን ይይዛል። ዝናብ የሚያበላሸው ያንን ቅርፊት ነው። ላሚቱ አሽትታ ትተወዋለች። ገዢው ግን ከፍሎበታል።

እዚህ ላይ "እንግዲያው ሁሉም በሚዛን ይሁን፣ ነገሩ ያልቃል" ማለት ዳዳኝ። ሽማግሌው እንዲህ የምል ሰው መሆኔን ከፊቴ አነበቡት መሰለኝ፣ ከኪሳቸው ረዥም ሹል መርፌ ያለው መሣሪያ አወጡና ከትላልቆቹ እስሮች አንዱ ውስጥ ሰኩት። እርጥበት መለኪያ ነው። "ሚዛን የሚመዝነው ውሃውንም ነው" አሉ።

እውነት ነው። 1,200 ፓውንድ የሚመዝን እስር እርጥበቱ 12 ከመቶ ከሆነ ውስጡ 1,056 ፓውንድ ደረቅ መኖ አለ። እርጥበቱ 18 ከመቶ ከሆነ ደግሞ 984 ብቻ ነው። ሚዛኑ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ በመካከላቸው ያለው 72 ፓውንድ ግን በድርቆሽ ዋጋ የተሸጠ ውሃ ነው። ቶኑ 200 ዶላር ቢሆን በአንድ እስር ሰባት ዶላር መሆኑ ነው። ከ20 ከመቶ ካለፈ ደግሞ ነገሩ ከገንዘብም ይወጣል፤ ድርቆሹ ክምር ውስጥ ይግላል፣ ይሻግታል፣ ሲብስም ማንም እሳት ሳያስጠጋው ራሱን ያቃጥላል። በዚህ ሸለቆ በተቃጠለ መጋዘን የማይምል ገበሬ የለም። በሌላ በኩል በሰኔ በ16 ከመቶ እርጥበት የገባው 1,200 ፓውንድ እስር ከጥቂት ወራት በኋላ 12 ከመቶ ላይ ሲደርስ 1,145 ፓውንድ ይሆናል። ማንም አልነካውም፣ ግን 55 ፓውንድ ነፋስ ወስዶታል። ስለዚህ በቶን የሚሸጥ ገበሬ ከማሳው እንደወጣ ቢሸጥ ውሃውንም ይሸጣል፤ ቢያቆየው ለቀሪው ድርቆሽ ትንሽ ከፍ ያለ ዋጋ ካላገኘ ከስሯል። ላኪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ሚዛኑ ላይ እርጥበቱንም ይለካሉ። የፊት በር ደንበኞች ሁለቱንም አይለኩም።

የእኛን አገር ነገር ሳላስብ አልቀረሁም። መስቀል ካለፈ በኋላ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በር የወጣ ሰው ሱሉልታና ጫንጮ ላይ የታሰረ ድርቆሽ መንገድ ዳር ተከምሮ፣ አይሱዙ ላይ ከጋቢናው በላይ ተቆልሎ አይቶታል። እዚያም በእስር ነው። የከተማው የወተት ላም አርቢ እስሩን በእጁ ብድግ አድርጎ ይመዝናል፣ ደላላው "ኧረ ጠቅጥቀው ነው ያሰሩት" ይላል፣ ይከፈላል። ጭድማ በማዳበሪያ ነው፤ ማዳበሪያው በእግር ተረግጦ ሞላ ወይስ ተነፍቶ ሞላ የሚለው የሻጩና የፈጣሪው ምሥጢር ነው። አሜሪካ ይህን አያውቅም ብዬ ነበር የማስበው። ሳተላይት እየተከተለ ራሱን የሚነዳ ትራክተር ያለው ገበሬ ድርቆሹን ሱሉልታ እንደሚሸጠው አድርጎ ሲሸጥ ማየት ለእኔ የዚህ ጉዞ ትልቁ ግኝት ነው።

መሣሪያው ጠፍቶ አይደለም። አዳዲሶቹ ማሰሪያ ማሽኖች እስሩ ሲወጣ የሚመዝን ሚዛን ተገጥሞላቸው ይሸጣሉ። ያም ባይኖር የጭነት መኪኖች በሚቆሙባቸው ብዙ ነዳጅ ማደያዎች የጭነት መኪና ሚዛን አለ፤ የእኛ ሾፌሮች "ካት ስኬል" የሚሉት ኩባንያ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ ሥራ ላይ ነው። ጥቂት ዶላር ተከፍሎ ሙሉውን መመዘን፣ ባዶውን መመዘን፣ ለእስሩ ቁጥር ማካፈል ነው። የዩኒቨርሲቲዎቹ የግብርና ባለሙያዎችም ሁልጊዜ የሚመክሩት ይህንኑ ነው፦ ሁሉንም መመዘን ካልቻላችሁ ከክምሩ ከተለያየ ቦታ ጥቂት መዝኑና አማካዩን ያዙ።

ታዲያ ለምን አይመዘንም? ሽማግሌው ትከሻቸውን ነቀነቁ። ሻጩ ጎረቤት ነው፤ "እስኪ ልመዝነው" ማለት "አላምንህም" ማለት ነው። ሚዛኑ ሩቅ ነው፣ ሰዓቱ መሽቷል፣ ዝናብ ሊመጣ ነው። ደግሞም ቁጥር መቁጠር ደስ ይላል፤ ሃያ እስር ሃያ እስር ነው፣ ጭቅጭቅ የለውም። እኔ ከዚህ ሁሉ ጋር ሌላ ምክንያትም ያለ ይመስለኛል፤ ሚዛን የሚጠይቀው ሰው ሁልጊዜ ትልቁ ገዢ ነው። ላኪው በሺህ ቶን ስለሚገዛ አንድ ከመቶ ስሕተት ቪላ ቤት ይሠራል፤ ስለዚህ ሚዛኑን ራሱ አስተከለ። አርባ እስር የሚገዛው ሰው ያለበት ስሕተት አንድ ከመቶ ሳይሆን ሃያ ከመቶ ነው፤ ግን ለእርሱ ብሎ ሚዛን የሚተክል የለም።

ሻጩም ቢሆን ሁልጊዜ አትራፊ አይደለም። ሽማግሌው አንድ ዓመት ጤዛው ጥሩ ሆኖላቸው፣ ማሽኑም በአዲስ ቢላ እየሠራ፣ የከበደ የከበደ እስር አሰሩ። የፊት በሩን ዋጋ ግን እንዳምናው ተዉት። ወቅቱ ሲያልቅ ሒሳብ ሲሠሩ ያው ማሳ ካምናው ያነሰ ገንዘብ አምጥቶ አገኙት፤ ለካ በየእስሩ ዐሥር ፓውንድ እየመረቁ ነበር። "ደንበኞቼ በዚያ ዓመት በጣም ወደዱኝ" አሉ፣ ሳቅ እያፈናቸው።

ይህን እያወራን አንዲት ሴት ተጎታች እየሳበች በፊት በር ገባች። ከተራራው ማዶ፣ ከዝናባማው ምዕራብ ነው የመጣችው፤ እዚያ ሣር ይበቅላል እንጂ ለማድረቅ ሰማዩ ፋታ ስለማይሰጥ ባለፈረሶች የተራራውን በር ተሻግረው ድርቆሽ ይገዛሉ። ሁለት ፈረስ አላት። ከጋቢናው የወረደችው ባለሽቦ ማስታወሻ ደብተር ይዛ ነው። አርባ እስር ፈለገች፤ ዋጋው በእስር 22 ዶላር ነው። ከዚያ ደብተሯን ገለጠች።

ያለፈውን ዓመት እስር በቤቷ ሚዛን እየመዘነች ጽፋዋለች። አንድ ፈረስ በቀን 20 ፓውንድ ያህል ይበላል፣ በዓመት 7,300 ፓውንድ። እስሩ 110 ፓውንድ ሲሆን 67 እስር ይበቃል፤ 90 ሲሆን 82 ያስፈልጋል። በ22 ዶላር ሲባዛ ለአንድ ፈረስ ከ300 ዶላር በላይ ልዩነት ነው። ባምናው ዓመት የገዛችው ወደ 90 ያዘነበለ ነበር፣ ከሌላ ሻጭ። እናም ዘንድሮ በቶን ካልሆነ እንደማትገዛ በትሕትና ግን በማያወላውል ድምፅ ተናገረች። እስሩ 110 ፓውንድ ነው ብለው በ22 ዶላር የሚሸጡ ከሆነ ቶኑ 400 ዶላር ነው፤ እንግዲያው በ400 እንገበያይ አለች።

ሽማግሌው ለአንድ አፍታ ዝም ብለው አዩዋትና "ሚዛኑ መንገድ ዳር ነው፤ ባዶውን መዝነሽ ነይ" አሏት።

ሄደች፣ መጣች፣ ጫንን። እኔም እጄን በሲባጎ አስቆረጥኩ። የንጋት ድርቆሽ ከተከመረበት በኩል ነበር ያወረድነው። ሙሉውን አስመዝና ስትመለስ ደረሰኙን ለሽማግሌው ሰጠቻቸው፤ እርሳቸው መነጽራቸውን ፈልገው አነበቡት። 4,640 ፓውንድ። በእስር 116 መሆኑ ነው። በቁጥር ቢሸጡላት 880 ዶላር ነበር የምትከፍለው፤ በቶን 928 ሆነ። አርባ ስምንት ዶላር ጭማሪ።

ሴትዮዋ ሒሳቡን ደብተሯ ላይ እንደገና ሠራችው። ልክ ነው። ቼኩን ፈርማ ሰጠቻቸውና "በጥርም እመጣለሁ፣ ያኔም በሚዛን ነው" አለቻቸው።

"በጥርማ ይደርቃል፣ ይቀላል" አሉ ሽማግሌው ቼኩን እያጠፉ። "ያኔ ግን ቶኑ 400 አይሆንም።"

"ስንት ሊሆን?"

"እርጥበቱን ለክተን እንነጋገራለን።"